ስለ መምህር ጎስዊን ሬከር ዕረፍትና ስለ ድስቱ ተራ መተላለፍ

የቬልደንሃይም ከተማ የሰዓሊዎች ማኅበር ለአባላቱ፣ ለከተማው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በራይን ወንዝ ላይና ታች ላሉት ደንበኞቹ ሁሉ የሚከተለውን በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል። የፍላንደርስን አሳሳል ወደ ከተማችን ያመጡት መምህር ጎስዊን ሬከር ለስምንት ወራት ሲያሠቃያቸው በቆየው ሕመም በጌታ ዓመት 1471፣ የካቲት 5 ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በዓሣ በር አጠገብ በሚገኘው ቤታቸው በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ በቅዱስ ኪሊያን ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል።

ማኅበሩ በሦስት ዓመት ውስጥ መምህር ሲቀብር ይህ አራተኛው ነው። የማኅበሩ ጥቁር የአስከሬን ጨርቅ ታጥቦ በወጉ ሳይታጠፍ እንደገና ይወጣል። በከተማው ውስጥ ወሬ ስለ በዛም ይህ መግለጫ ከወትሮው ረዘም ብሎ፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ እንዲጻፍ ሽማግሌዎቹ አዘዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ጎበል ክራይት የታዘዘውን ጽፏል፤ ከራሱ የጨመረው የለም፣ ደስ ስላላለው የቀነሰውም የለም።

መምህር ጎስዊን ከአባታቸው ከመምህር ዲትማር ሬከር ሙያውን ተምረው በሃያ አራት ዓመታቸው የመምህርነት ማዕረግ አግኝተዋል። በዚያ ዘመን የማኅበራችን አባላት ሁሉ ይሥሉ የነበሩት ቀለሙን በእንቁላል አስኳል በጥብጠው፣ ከቅዱሳኑ ጀርባ ወርቅ ለጥፈው ነበር። አያቶቻችን እንዲያ ሠርተዋል፤ ደንበኛም ተደስቶ ይሄድ ነበር።

በ1455 የሱፍ ነጋዴው ላምበርት ኦደንዳል ከብሩጅ ያስመጣው ባለ ሁለት መዝጊያ ሥዕል በቅዱስ ኪሊያን ተሰቀለ። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ተቀምጣለች፤ በአጠገቧ የቆርቆሮ ማሰሮ አለ፤ በማሰሮው ሆድ ላይ የቤቱ መስኮት ያንጸባርቃል፤ በመስኮቱ ውስጥ ጎዳና፣ በጎዳናው ላይ ደግሞ ከአህያው ጋር የሚሄድ ሰው ይታያል። ሕዝቡ በዚያ ሰንበት ቅዳሴውን ትቶ ማሰሮ ሲያይ ዋለ። አባሎቻችንም በዚያው ሰንበት ማርጀታቸውን ዐወቁ። ከዚያ በኋላ ሥዕል የሚያዝ ሁሉ ውሉ ላይ «እንደ ፍላንደርሶቹ ይሁን» የሚል ቃል ማስገባት ጀመረ። የዳቦ ጋጋሪዎች ማኅበር እንኳን፣ ዓመት እስከ ዓመት አንድም ነገር አዝዞ የማያውቀው፣ ማሰሮ ያለበት ሥዕል ይሠራልን ብሎ መጣ።

በ1457 ማኅበሩ መክሮ፣ ዓይናቸው ጥሩ ምላሳቸውም ቁጥብ መሆኑን አይቶ፣ መምህር ጎስዊንን የፍላንደርሶቹን ምሥጢር ተምረው እንዲመለሱ ወደ ብሩጅ ላካቸው። በዚያም በአንድ መምህር ቤት ሁለት ዓመት ሠርተዋል።

በ1459፣ በቅዱስ ሉቃስ በዓል፣ ተመልሰው በጉባኤ ፊት የተማሩትን አስረዱ። ወሬኛው ከዚህ ስለሚጀምር የተናገሩት ከቃለ ጉባኤው እንዳለ ይጠቀሳል። «ምሥጢር የሚባል ነገር የላቸውም። ጣውላውን በጠመኔና በሙጫ ነጭ አድርገው ይለስኑታል። ከዚያ ቀለሙን በተልባ ዘይት ለውሰው በስሱ ይቀባሉ። ይደርቃል። እንደገና በስሱ። ይደርቃል። ብርሃኑ ከላይ የሚቀባ አይደለም፣ ከሥር ካለው ነጭ ነው የሚመጣው። የሚያስቸግረው መጠበቁ ብቻ ነው።»

የማኅበሩ አለቃ መምህር ቲልማን ቮስ ያን ጊዜም ዛሬም አለቃችን ናቸው። እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ብሩጅ ያስቀመጥንህ ትዕግሥት ይዘህልን እንድትመጣ ነው እንዴ? ትዕግሥትማ እኔ ቤትም ሞልቷል፤ ሚስቴን ጠይቃት።» መምህር ጎስዊን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው መለሱ። አለቃችንም እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛ በእግራችን ለልመና እንወጣለን አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ ሳቁም በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል።

ከ1460 እስከ 1461 መምህር ጎስዊን ለሸማኔዎች ጸሎት ቤት የብሥራቱን ሥዕል በአሥራ አራት ወር ሠሩ። በሥዕሉ ላይ የድንግል ማርያም መጽሐፍ ገጽ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከገጹ ጀርባ ያለው ጣቷ እንደ ጥላ ይታያል። ማኅበሩ በደንቡ መሠረት መርማሪዎች ላከ። መርማሪዎቹም የሥዕሉን ጥግ በጥፍራቸው ፍቀው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ከተልባ ዘይትና ከቀለም በቀር ምንም አላገኙም። ምንም አለመገኘቱ ምሥጢሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደተደበቀ ለሽማግሌዎቹ አረጋገጠላቸው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የመምህር ጎስዊን መሥሪያ ቤት እንዲታሸግና ከብሩሽ እንዲታገዱ ተወሰነ። በማኅበር ተልኮ የተማረውን ለማኅበሩ የሚከለክል ሰው ሌላ ምን ይደረጋል? እገዳው ለአሥር ወራት ጸና። በዚያ ክረምት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂላ ታመው አልጋ ያዙ፤ ቤቱም በጎረቤት ሾርባ ከረመ። መምህር ጎስዊን ሦስት ጊዜ ወደ ጉባኤው ቀርበው ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ተናገሩ፦ በስሱ ቀባ፣ ይድረቅ፣ ድገም። ሦስቱንም ጊዜ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በመስከረም 1462 ለአራተኛ ጊዜ ሲቀርቡ ግን ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ከብሩጅ ቅጥር ውጭ የመስኮት መዝጊያና የጋሪ ጎን የሚቀቡ ሰዎች የእርሳስ ማዕድን ዱቄት ከተልባ ዘይት ጋር በትልቅ ብረት ድስት እንደሚያፈሉ፣ እንዲያ የፈላ ዘይትም በሁለት ቀን እንደሚደርቅ ተናገሩ። ይህ የፍላንደርስ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ በፍላንደርስ ያየሁት ነው አሉ። ጉባኤው ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና ደስታው ወሰን አጣ። መምህር ጎስዊን ሰዎቹ ይህን የሚያፈሉት ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ጀርባቸው ሰጥተው እንደሆነም ጨምረው አስጠንቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፤ ማኅበሩ አልሰማም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ሰምቷል።

ነገር ግን ሜዳ ላይ የሚፈላ ምሥጢር ምሥጢር አይደለም። የኮሎኝ ሰዓሊዎች አፍንጫ ረጅም መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ማኅበሩ የድሮውን የቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ ቤት ገዝቶ ድስቱን በዚያ ተከለ። ሁለቱ መስኮቶች ሽታው እንዳይወጣ በጭቃና በሰም ተደፈኑ። በሩ ዘይቱ በሚፈላበት ቀን ከማለዳው ደወል እስከ ሠርክ ከውስጥ ይቆለፋል። መምህራን ሁሉ በየተራቸው ያማስላሉ። በየዓመቱ በቅዱስ ሉቃስ በዓልም እያንዳንዱ አባል ምሥጢሩን ላለማውጣት ሲምል ከአዲሱ ዘይት ጥቁር ዳቦ አጥቅሶ ይጎርሳል። ዘይቱ ማር ማር ይላል። አባላት ደስ እያላቸው ነው የሚጎርሱት፤ የሚደግምም አለ።

ከ1463 እስከ 1468 ያሉት ዓመታት የማኅበራችን የብልጽግና ዘመን ነበሩ። በአሥራ አራት ወር አንድ ሥዕል ይወጣ የነበረው በአሥራ አራት ወር ሰባት ሆነ። ሃያ ሦስት የመሠዊያ ሥዕሎች ከከተማችን ወጥተው እስከ ቬስትፋሊያ ደረሱ። በየሥዕሉም ማሰሮ አለ። መምህር ጎስዊንም ተራቸውን ሳያስተጓጉሉ አማስለዋል፤ መሐላውንም በየዓመቱ ጎርሰዋል። በቤታቸው ሰገነት ላይ ግን ከልጃቸው ከኔሳ ጋር ሆነው፣ በቀድሞው አዝጋሚ መንገዳቸው፣ ማንም ያላዘዛቸውን ሥዕል ይሥሉ እንደነበር ማኅበሩ በኋላ ደርሶበታል።

በእነዚሁ ዓመታት ከደንበኞች አንዳንድ ቅሬታ መጥቷል። ሥዕሎቹ እየጠቆሩ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሰማዩ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ የቅዱሳኑ ፊት፤ በመጨረሻም ከጨለማው ውስጥ የሚታየው ማሰሮው ብቻ ነው። ማኅበሩ ጉዳዩን መርምሮ ጥፋቱ የቤተ ክርስቲያን ሻማ ጢስ መሆኑን አሳውቋል። የሸማኔዎቹ ብሥራት ሻማው ከሥሩ እየነደደ ያልጠቆረበት ምክንያት በመጣራት ላይ ነው።

በ1468 መምህር ቪንሪሽ ካልፍ አረፉ። በ1469 መምህር ሪካልት፣ በ1470 መምህር ዮርዳን ሽታል ተከተሏቸው። የሦስቱም ሕመም አንድ ዓይነት ነበር። በቁርጠት ይጀምራል፤ ድድ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ እጅ ከአንጓው ላይ ይዝልና ብሩሽ አልይዝም ይላል። ሕዝቡ የሰዓሊ በሽታ የሚል ስም አውጥቶለታል። ማኅበሩ ይህን ስም አይቀበልም፤ ሰዓሊ ያልሆነም ሰው ቁርጠት ያውቃል።

በሰኔ 1470 መምህር ጎስዊን ራሳቸው ቁርጠቱ ጀምሯቸው እያለ ለሽማግሌዎቹ ማመልከቻ አቀረቡ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የድስቱ ቤት መስኮቶች ይከፈቱ አሉ። ሽማግሌዎቹ ስምንት ዓመት የጠበቁትን ምሥጢር ለቁርጠት ብለው ለነፋስ እንደማይሰጡ በጽሑፍ መለሱላቸው።

በኅዳር ወር ሁለተኛ ማመልከቻ መጣ። ይህኛው በልጃቸው እጅ የተጻፈ ነው፤ የእሳቸው እጅ በዚያን ጊዜ ወድቆ ነበርና። መምህር ጎስዊን በዚህ ማመልከቻ የድስቱ ዘይት የፍላንደርስ ሥዕል ምሥጢር አለመሆኑን፣ የመዝጊያ ቀቢዎች ዘይት መሆኑን፣ ሚስታቸው ታመው ቤታቸው ታሽጎ ሳለ ጉባኤው የሚያምነውን ነገር ፈልገው እንዳቀረቡ፣ ስለዚህም በእግዚአብሔርና በሦስቱ ሟቾች ፊት ጥፋተኛ መሆናቸውን ዘረዘሩ። እሳቱ ዛሬውኑ እንዲጠፋም ለመኑ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ማመልከቻ እንደ ቀላል አላዩትም። ሦስት ቀን ተቀምጠው መከሩበት። የድስቱ ዘይት ምሥጢሩ ካልሆነ እውነተኛው ምሥጢር እስካሁን በመምህር ጎስዊን እጅ አለ ማለት ነው የሚል ድምዳሜ ላይም ደረሱ። እውነተኛው እስኪገኝም ያለውን መጣል ሞኝነት ስለሆነ ድስቱ እንዲቀጥል ወሰኑ። ከአባላት አንዱ፣ ይኸው ጸሐፊ፣ ምናልባት ሰውየው በ1459 የነገሩን እውነት ቢሆንስ ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል።

ባለፈው ጥር መጨረሻ አለቃችን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሽተኛውን ሊጠይቁ ሄደዋል። ጸሐፊውም ቃላቸውን እንዲመዘግብ አብሮ ሄዷል። መምህር ጎስዊን ከስተው፣ ሁለት እጃቸው በብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አለቃችን በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው በለሰለሰ ድምፅ፦ «ጎስዊን ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ለማን ትደብቀዋለህ? መቃብር ውስጥ ሥዕል አይሣልም። ንገረን» አሏቸው።

መምህር ጎስዊን ዓይናቸውን ወደ አለቃችን ካባ መለሱ። ከዚያም፦ «ቲልማን፣ እጅህን አሳየኝ» አሉ። አለቃችን እጃቸውን ከካባቸው ውስጥ አላወጡም። መምህር ጎስዊንም፦ «በስሱ ቀቡ። ይድረቅ። ድገሙ። ሌላ የለኝም። እሳቱን አጥፉት፣ እባካችሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ አልተናገሩም። መምህር ጎስዊን ምሥጢሩን ይዘው እንዳረፉ ሽማግሌዎቹ በጸጸት መዝግበዋል።

ማኅበሩ በዚህ አጋጣሚ ለአገልግሎታቸው ያለውን አክብሮት ይገልጻል። ዓይናቸውን የሚያውቅ ሁሉ፣ ከፍላንደርስ በስተ ምሥራቅ እንዲህ የሚያይ ሰው አልተወለደም ይላል። ይህን ዛሬ ስንል አናፍርም፤ በሕይወት ሳሉ አለማለታችን ግን ያሳፍረናል፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሽማግሌዎቹ አንብበው አልሰረዟትም።

ከመምህር ጎስዊን የቀረች አንዲት ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ሂላ ቀድመው አርፈዋልና። ኔሳ ሬከር የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ስትሆን በአባቷ እጅ ሙያውን ተምራ በማኅበሩ ፈቃድ አብራቸው ስትሠራ ቆይታለች። መሐላውን የሚምሉት መምህራን ብቻ በመሆናቸው ዘይቱን ቀምሳ፣ ድስቱንም አማስላ አታውቅም። በጤናዋም በኩል ቁርጠት የላትም፤ ድዷ ንጹሕ ነው፤ እጇም እንደ አባቷ የጥንት እጅ የጸና ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን አስተውለዋል። ሌሎቹ ሲታመሙ እርሷ ብቻ ደኅና መሆኗ አባቷ እውነተኛውን ምሥጢር ለእርሷ እንደነገሯት ምልክት ነው ብለዋል።

ከቀብሩ በኋላ ኔሳ ወደ ጉባኤው ተጠርታ ምሥጢሩን እንድታስረክብ ተጠየቀች። እርሷም አባቴ የነገራችሁን እኔም እነግራችኋለሁ ብላ ያንኑ ሦስት ነገር ደገመች። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሳቁ። ያን ጊዜ ኔሳ፦ «ጋሼ ቲልማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ከተናገረ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳን፣ በትንሽ ጣውላ ላይ ሞክሮታል?» አለች። ሽማግሌዎቹ ያልሞከሩት ሐሰት መሆኑን ስለሚያውቁ እንደሆነ አለቃችን አስረድተዋል። ኔሳ ቀጥላ ስለ ራሷ ሳይሆን በዚያ ቤት ስላሉት ዘጠኝ መምህራን ብላ ድስቱ እንዲወርድ ለመነች። ልመናዋ የሐዘን ቃል ነውና በጥፋት እንዳይቆጠርባት ማኅበሩ በቸርነቱ ወስኗል።

በማኅበሩ ሕግ መሠረት የሟች መሥሪያ ቤት፣ ብሩሾችና ያላለቁ ሥዕሎች ለወራሹ የሚተላለፉት ወራሹ መሐላውን ሲጎርስና የሟቹን የድስት ተራ ሲቀበል ነው። እምቢ ካለ ሁሉም ለማኅበሩ ይሆናል፤ እርሱም በከተማው ውስጥ ብሩሽ አይዝም። በሰገነቱ ላይ አባትና ልጅ ለሦስት ዓመት የሠሩት፣ ማርያም ኤልሳቤጥን ስትጎበኝ የሚያሳይ የጉብኝቱ ሥዕል አለ። የኤልሳቤጥ አንድ እጅ ገና አልተሣለም። ኔሳ አንድ ቀን ለማሰብ ጠይቃ ተፈቀደላት። በማግስቱ መጥታ ተራውን እንደምትቀበል፣ ነገር ግን መስኮቶቹ ተከፍተው እንዲሆን ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ መቀበሏን በደስታ መዝግበዋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ለልጃቸው ለኔሳ፣ ለወዳጆቻቸው፣ ለሸማኔዎች ማኅበርና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ብርታትን፣ ለመምህር ጎስዊንም ነፍስ ዕረፍትን ከልብ ይለምናል። አለቃችን እጃቸው ስላልታዘዘላቸው ይህ ጽሑፍ በፊርማ ፈንታ በማኅተም ብቻ ወጥቷል። ጸሐፊውም ሁለት ገጽ ለመጻፍ አራት ቀን ስለፈጀበት፣ ፊደሉም ስለተንጋደደበት፣ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃል።

የሚቀጥለው ዘይት የሚፈላው በመጪው ሰኞ ሲሆን ተራው የመምህር ጎስዊን ነበር፤ አሁን የኔሳ ነው። በማለዳው ደወል በድስቱ ቤት በር ላይ ትገኝ። ዳቦው፣ እንጨቱና ማማሰያው ከማኅበሩ ነው። መስኮቶቹ በክረምቱ ውርጭ ጥቂት ተሰነጣጥቀው ስለተገኙ፣ እርሷ ከመግባቷ በፊት ማኅበሩ በአዲስ ጭቃ ይደፍንላታል።